ጠብቂ

ሥራዬ ሚዛን ነው፣ በክላይፔዳ ወደብ፣
ጥቅል ሲመጣልኝ ክብደቱን መመዝገብ፤
ግራም በግራም ነው የማውቀው ሁሉን ሰው፣
ማን ምን እንዳዘዘ፣ ማን ምን እንደደረሰው።

በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ ዮኩባስ፣
አብሮት ገባ በረዶ፣ የባልቲክም ነፋስ።
ጡረታ የወጣ የክሬን ሠራተኛ፣
በዓይኑ የሚመዝን፣ ለማንም የማይተኛ።
ሦስት መቶ ዩሮ ለአኮርዲዮን ከፍሎ፣
የመጣለትን ሣጥን በጣቱ አንጠልጥሎ፣
«ይሄ» አለኝ «አይዘፍንም፤ እስቲ መዝኚልኝ፤
ቁጥሩን ከነሰዓቱ ማኅተም አድርጊልኝ።»
መቶ ሰማንያ ግራም። ማኅተሜን መታሁ።
ሣጥኑ ሲከፈት አንዲት ፊሽካ አየሁ፤
ቢጫ፣ የፕላስቲክ፣ ከጋዜጣ መሃል።
ሻጩ «ደርሶታል» ይላል።
እውነት ነው፣ ደርሶታል።

ከዚያ ያው እንግዲህ፣ ቅሬታው ተሞላ፣
ፎቶው መጀመሪያ፣ ማኅተሜ በኋላ፤
በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሳንቲም ሳይጎድል
ገንዘቡ ተመለሰ። «አይ ያንተ ዕድል!»
«ዕድል አይደለም» አለኝ፣ ፊሽካዋን እየነፋ፣
«እምነት ያልጨመርኩበት ገንዘብ መቼ ጠፋ?»
ደግሞ ነፋት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።
የዳንጉዎሌ ፊት ብቻ፣ ከኋላ፣ ሳይስቅ ጠበቀ።

እሷ ያዘዘችው የሹራብ መኪና ነበር፣
ብርዱ ሳይጠነክር ኮፍያ ሠርታ ልትቸረችር።
ሁለት መቶ አርባ ዩሮ፤ የባሏ ሰዓት ዋጋ።
ሳምንት ሳምንትን ወለደ፤ መሸ፣ ነጋ፣
ሻጩ ጻፈላት፦ «ልጄ ታሟል፣ እመቤቴ፣
ሆስፒታል ነው የማድረው፣ ተዘግቷል ቤቴ፤
ትንሽ ጠብቂኝ።»

ጠበቀች።
ለታመመ ልጅ የማይጠብቅ ማነው?
በየሐሙሱ መጥታ «የእኔስ?» ትለኛለች፤
«የለም» ስላት ጓንቷን መልሳ ታጠልቃለች።
«አመልክቺ» አልኳት በሠላሳኛው ቀን፤
«ልጁ ታሞበት ሳለ? ሰውየው ምን ይለን?»
ቤተ ክርስቲያን ገብታ ሻማ አበራችለት፣
ስሙን ስለማታውቅ «ለዚያ ልጅ» አለችለት።
«ተሻለው?» ብላ ጻፈች። «ገና ነው፣ ጠብቂ።»
ከድርጅቱም መጣ፦ «እንጠብቅሻለን፣ አትጨነቂ።»

አንዱ ቃል ዘብ ሆኖ ደጇ ላይ ሲቆም፣
ያው ቃል በጓሮ በር ቀኖቿን ሲቅም፣
ጥበቃና ጥበቃ ሳይተዋወቁ፣
አርባ አምስት ቀኗን ተጋግዘው ሰረቁ።

በማግስቱ አመለከተች። ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን
«የዕቃውን ፎቶ ላኪ» ይላል። ምኑን? አየሩን?
ባዶ ጠረጴዛዋን አነሳች፣ ዳንቴሉን፣
መኪናው ይቀመጥበታል ያለችውን ቦታ ሁሉን።
መልሱ ፈጣን ነበር፣ ትሁት፣ ቃሉ የተመረጠ፦
«ውድ ደንበኛችን፣ የጥበቃው ጊዜ ትናንት ተቋረጠ።»
ትናንት!
የሻጩ ሱቅ ደግሞ እንደ ጉም ተበትኖ፣
ስሙም ሥዕሉም ጠፋ፣ ባዶ ገጽ ሆኖ።

ይሠራል ወይ ታዲያ? ይሉኛል ሰዎቹ፣
ካርዳቸውን ይዘው፣ ሊገዙ የመጡቱ።
ምን ልበል? ዮኩባስ አኮርዲዮን ገዝቷል፣
እሑድ እሑድ ማታ ፎቁን ያስደንሳል።
ጋሻው እውነት ጋሻ ነው፤ ማንገቻው ግን ጥርጣሬ፤
ለእሷ ትከሻ አልሆነም፣ ትናንትም ሆነ ዛሬ።

ባለፈው መጣች ደግሞ፣ ስልኳን ዘርግታልኝ፤
«መነጽሬን ረስቼ፣ እስቲ አንብቢልኝ።»
ድርጅቱ ነው፦ «በአገልግሎታችን ረክተዋል ወይ?
ከአምስት ኮከብ ስንት?» ቀና አለች ወደ ሰማይ፤
በመስኮቱ ጉም ነው፣ ኮከብ የለም፣
የመርከብ ጡሩምባ ከሩቅ ሲያዘግም።
«ሦስት ስጪያቸው» አለች፣ «ትሁቶች ናቸው፤
ባይከፍሉኝም እንኳ መልካም ነው አፋቸው።»

ሦስቱን ነካሁላት። ዘንቢሏን አነሳች።
በሩን ከፍታ ቆመች፤ ዓይኗ ላይ የለም እንባ።
«ልጁስ» አለችኝ፣ «ድኖ ቤቱ ገባ?»