ይቺን ያዝልኝ

በሰሜን ባሕር ደሴት፣ ከሆላንድ ጠረፍ፣ ገንዘብ ያዥ ነኝ እኔ፣
ቁጥር እንጂ ሸራ የማያነብ ዓይኔ።
ዐሥራ አንድ ካታማራን ነበረን ድሮ፤
ስምንቱ ሣር ውስጥ ነው፣ ሸረሪት አሳድሮ።

«አዲስ ሰው ይምጣልን» ብዬ ወረቀት አተምኩ፣
በዳቦ ቤቱ በር፣ በመርከብ ጣቢያው ለጠፍኩ።
ዝናብ ቀለሙን በላው።
ማንም አልመጣም።

ዊትስከ ሳቀች፤ ሰባ ሞልቷታል፣
የግራ ጉልበቷን ብረት ይዞታል።
«ሰው እኮ በወረቀት አይጠራም» አለችኝ፤
«ያዥ አይደለህ? እንካ፣ ይቺን ያዝልኝ።»

ገመድ ነበረች። ያዝኳት፣ ከነጫማዬ፣ ለአፍታ መስሎኝ።

ነፋሱ ሸራውን ድንገት ሲሞላብን፣
አንዱ ቀፎ ከውኃው ብድግ አለብን።
«ተንጠልጠል!» አለች፤ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጠሁ፤
የጮኽኩት በሳቅ ይሁን በፍርሃት፣ ዛሬም አልለየሁ።
ተገለበጥን ደግሞ። መነጽሬን ማዕበል ወሰደው፤
እስከ እራት ድረስ ምላሴን አልለቀቀም ጨው።

ቅዳሜ ተመለስኩ፣ መዳፌ ተልጦ፣ ማንም ሳይጠራኝ።

ሣጥኑ ዛሬም ባዶ ነው፣ ሒሳቡም አልሞላ፤
አራተኛዋን ጀልባ ግን አወጣናት ከሣር ጥላ።

ትናንት ፖስተኛው ዮሪት ብስክሌቱን አቁሞ
ባሕሩን ያይ ነበር፣ ቦርሳውን ተሸክሞ።
ስለ ክበብ፣ ስለ መዋጮ አንድም አላወራሁ፤
እጄን ዘርግቼ ገመዷን ብቻ ሰጠሁ።
ደብዳቤውን አሸዋው ላይ አራቅንለት፣ ውኃ እንዳይነካው፤
ስለ ጫማው ግን ዝም አልኩ፤
እሱን ባሕሩ ይንገረው።