ቁጥር አርባ አንድ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ፎቶ ኮፒ በማነሣባት ክፍል፣
ከመጋረጃው ወዲያ ስልሳ ሦስት ካሴት አለኝ፣ የማይሸጥ፣ የማይከፈል።
ካራቴ የለበትም፤ የህንድ ጭፈራም የለም፤
ተኩስ የለመደ ዓይን ደጄን አይሳለም።
የእኔዎቹ ዝምተኞች ናቸው፤
ዝናብ እስኪያባራ ካሜራው ንቅንቅ የማይል ከፊታቸው።
አንዲት ሴት በር ከፍታ ትቆማለች። በቃ፣ ትቆማለች።
ጥላዋ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ትረዝማለች።

የጀመርሁት አዛናው ቪዲዮ ቤት ነው፣ ልጅ ሆኜ፣ ዴክ ነክቼ፣
እሱ በር ላይ ስሙኒ ሲቆጥር፣ እኔ ጨለማው ውስጥ ተጎልቼ።
የመተማ ሾፌሮች ከሱዳን በጆንያ አምጥተው ሲያራግፉለት፣
አምስት ደቂቃ ጥይት ያልጮኸበት፣ ዕጣው ከአልጋ ሥር መከተት።
«እንቅልፍ እኮ ነው! ማን ይከፍላል ለእንቅልፍ?
ውሰደው፣ ከደመወዝህ ላይ ትርፍ።»
ወሰድሁ።

የዴኬን ጭንቅላት የማጥበው በዳባት አረቄ፤
ለእሱ አንድ ጠብታ፣ የቀረው የእኔ ነው፣ ሐቄ።
ክረምት ሲወጣ፣ ሻጋታ እንዳይበላቸው፣ በሰፌድ አሰጣለሁ፤
«በርበሬህ ደረቀ ወይ?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ፤ «ገና ነው» እላለሁ።

አርባ አንድ ግን ሌላ ናት፤
ሽፋን የላት፣ ስም የላት፣ ቋንቋዋንም አላውቅላት።
አንድ ሰው ባቡር ጣቢያ ተቀምጧል፤ ኮቱ ረጥቧል፤ ይጠብቃል።
(ጎንደር ባቡር የላትም፤ መጠበቅን ግን ማን እንደኛ ያውቃል?)
ሰዓቱን ያያል፤ ሻንጣውን በእግሩ ገፋ ያደርጋል፤
በስንት ጊዜው ሐዲዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤
ሰውዬው ቀና ሲል፣ ምስሉ ይበጠሳል፤
በረዶ፣ ጭረት፣ ከዚያ ከበሮ ይደርሳል።
የአዘዞ ዳስ! ቀኑ በፈረንጅ ቁጥር ጥግ ላይ ተጽፎ፣
ሙሽራዪቱ በፍንጭት ጥርሷ ስትስቅ፣ ሙሽራው በሰፊ ኮት ገዝፎ።
ባዶ ካሴት ያጣ ቪዲዮ አንሺ፣ የተሰበረ የመቅጃ ጆሮዋን በፕላስተር ደፍኖ፣
ቀድቶባት ሄደ፣ መጨረሻዋን በሠርግ ከፍኖ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት ወረቀት አቀበለችኝ፤ «ሁለት ኮፒ» አለች።
የባሏ የሞት ማስረጃ። ቦርሳዋን ስትፈትሽ ቆይታ ቀና አለች፤
በፍንጭቷ አወቅኋት።
«ሠርግሽ አዘዞ ነበር ወይ?» ብዬ፣ ሳላስበው፣ ጠየቅኋት።
«ሚዜ ነበርህ?»
«አይደለሁም፣ ተመልካች ነኝ» አልኋት።

ስሟ አጀቡሽ። ሠርጓን አይታው አታውቅም፤ ቪዲዮ አንሺው ጠፋ ብሎ ምሏል።
ማሳለፍ ደግሞ አልችልም፤ ዴኬ ሲያስሮጡት ጥብጣብ ይበላል።
ስለዚህ ተቀመጠች፣ አንድ ሰዓት ከዐሥር፣ ማስረጃውን ጭኗ ላይ ዘርግታ፤
ያን የማታውቀውን ሰው አብራው ጠበቀች፣ ወንበሯን ወደ ቲቪው አስጠግታ።
አንዴ ብቻ «በርዶታል» አለች።
ሐዲዱ ተንቀጠቀጠ። በረዶ። ከበሮ። ባሏ ዳሱን ጎንበስ ብሎ ሲገባ አየች።
አላለቀሰችም። ካሴቱ አልቆ ሰማያዊ ሲሆን ቲቪው፣
«እኛን ነበር እንዴ» አለች፣ «ያን ሁሉ ሲጠብቅ የነበረው፣ ሰውዬው?»

አወጣሁና በፌስታል ጠቀለልሁ፤ «የአንቺ ነው፣ ውሰጂው።»
አገላበጠችው። «ዴክ የለኝ። ያን ምስኪን ደግሞ የት ላስቀምጠው?»

አንድ የማራኪ ተማሪ ሙሉውን በፍላሽ አምጥቶልኛል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከስቴፕለሩ ጎን።
ባቡሩ መጣ? ቀረ? አልከፈትሁትም፣ እስካሁን።

አጀቡሽ ስትወጣ፣ አይሆንም እያልኋት፣ የኮፒውን ዐሥር ብር
ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች፣ «ጥር ላይ እመጣለሁ» ከሚል ቃል ጋር።