ኃላፊ

አዘዞ ካለ ትምህርት ቤት፣ የንብረት ክፍል ሰው ነኝ፤
አሥራ ሰባት ቁልፍ፣ በአንድ ቀለበት አለኝ።
አሥራ ስድስቱ ቀላል፤ የከበደኝ አንዱ፣
የትልቁ አዳራሽ፣ ጥርሱ ያለቀው ጉዱ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ የተማሪ ነው ወንበሩ፤
ሲመሽ ካራቴ አለ፣ «ሃይ!» ሲል መስኮትና በሩ፤
ቅዳሜ ሠርግ ይገባል፣ እሑድ ደግሞ እድሩ።
«በል እስቲ አዛናው፣ ቁልፉን ወዲህ በል» ሲሉኝ
እሰጣለሁ። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ፤
በጎረቤት መሀል፣ ወረቀት ምን አለ?
ቁልፉም ሁሌ ሲመለስ፣ ድፎ ዳቦ እያስከተለ።

ጥር ነው። የመድረኩ ደረጃ፣ ከታች ሦስተኛው ጣውላ
ከመስከረም ጀምሮ፣ ሲረግጡት ያቃስት ነበር።
ልጆች በዝላይ ያልፉታል፤
መምህራን ጠርዙን ይረግጣሉ፤
እኔም ባለፍኩ ቁጥር «ነገ» እለው ነበር።
የቤት ሰው ያውቃል፤
እንግዳ ግን ጣውላ ያምናል።

አንጓች፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ከቀሃ ለሠርጉ የመጣች፣
ትሪ ይዛ ወደ ሙሽሮቹ ስትወጣ፣ ያንን ጣውላ አመነች።

ከዚያ ወዲያ የሰማሁት፣ ከበሮው መቆሙን ነው።

ዳሌዋ። ሆስፒታሉ ቅርብ፣ ሂሳቡ ሩቅ ነበር።
የሙሽራው አባት «አዳራሹ የናንተ!» አሉ።
ርዕሰ መምህሩ «ሠርጉ የናንተ!» አሉ።
ትምህርት መምሪያው «ለመሆኑ ማን ፈቀደ?» አለ።
የሁሉም ዓይን ዞሮ፣ ወገቤ ላይ፣ ቀለበቱ ላይ ዋለ።

ፒያሳ ወጣን፤ የመድን ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ።
«መድን አላችሁ?» ሲል ልጁ፣
ርዕሰ መምህሩ ጣሪያውን አዩ፣ በመድኃኔ ዓለም ሊምሉ።
«እሱስ ሁላችንም አለን፤ የኔ ጥያቄ ስለ ውሉ።»
አወጣው፤ አነበበው፣ በጣቱ እየተከተለ፦
«ተማሪ፤ በትምህርት ሰዓት፤ በትምህርት ሥራ ላይ እያለ።»
አንጓች ተማሪ ናት? አይደለችም።
ቅዳሜ የትምህርት ቀን ነው? አይደለም።
ሠርግስ ትምህርት ነው?
«ላገባው ሰው ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

«ታዲያ ኃላፊው ማነው?»
ይህን ቃል ከልጅነቴ፣ ከቅኔው ደጅ አውቀዋለሁ፤
መሪጌታ «ኃላፊ ማለት የሚያልፍ» ሲሉ ሰምቻለሁ።
ርዕሰ መምህሩ በሰኔ፣ ተዛውረው ወደ ደብረ ታቦር አለፉ፤
ሙሽሮቹ ወደ ጎጇቸው፣ ሚዜዎቹ ወደ መተማ አለፉ፤
ሁሉም ኃላፊ ነበር ለካ።
አንጓች ብቻ አላለፈች። ከከዘራ ጋር ቀረች።

አሁን ደብተር አለኝ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ።
ቁልፍ የጠየቀኝን ሁሉ፣ መጀመሪያ አዞረዋለሁ፤
ጣውላውን በእግሬ፣ የጎሉን ብረት በትከሻዬ እገፋለሁ፤
እሳት ማጥፊያው የት እንዳለ አሳየዋለሁ።
ስንት ሰው ይገባል፣ እስከ ስንት ሰዓት፣
ቢሰበር ማን፣ ቢጎዳ ማን፤ ፊርማ፣ ምስክር፣ ቀን።
ለእንግዳም የሚተርፍ መድን፣ ጨምረን ከፍለን ገባን።
የእድሩ ሊቀ መንበር፣ አቶ ማለፊያ፣ ተቀየሙኝ፦
«ሃያ ዓመት ቁልፍ ስትሰጠኝ ኖረህ፣ ዛሬ ሌባ ሆንኩ?»
ስለ እርስዎ አይደለም፣ ስለ ጣውላው ነው ልል ብዬ ዝም አልኩ።
ድፎ ዳቦውም ቀረ።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ በሬ ተንኳኳ።
በእጅ አይደለም፣ በከዘራ።
አንጓች ናት። ልጇ ተመርቃ፣ ዘመድ ልትጠራ፣
አዳራሽ ፈልጋ መጣች።
ቁልፉን ዘረጋሁላት፤ ደብተሩን ረስቼ፣ ወይ አፍሬ።
አልተቀበለችኝም።
አልፋኝ ገባች፤ ደረጃው ጋ ደረሰች፤
ሦስተኛውን በከዘራዋ መታችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣
ጆሮዋን አዘንብላ።
አዲሱ የዋንዛ ጣውላ፣ ጥሩ አድርጎ መለሰላት።

«አምጣው ደብተሩን» አለች። «ጻፍ።»
አውራ ጣቷ ቀድሞ፣ ከቀለሙ ላይ ነበር።