ሳል የዘራው

ከግድግዳው ወዲያ ኢድዋል ሲስል እሰማለሁ፤
ሰዓት የለኝም እኔ፣ በሳሉ እቆጥራለሁ።
ከዌልስ ተራራ ግርጌ ቤታችን የተጣበቀ፣
የኔ ምድጃ ሲነድ የሱ ግድግዳ የሞቀ።

አርባ ዓመት ተራራ ሲፈልጥ የኖረ፣
ለሰው ሁሉ ጣሪያ ሲሰነጥቅ ያደረ፤
ዛሬ ተራራው ነው በተራው የገባ፣
ብናኝ ሆኖ ሰፍሯል ከኢድዋል ሳንባ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነን እንደተኳረፍን፣
በአንዲት ስንዝር መሬት፣ እሷንም ካተረፍን።
እኔም የኔ ስል፣ እሱም የኔ ሲል፣
ሳማ ይስቅብናል ከመሀል ሲበቅል።

በየካቲት ማለዳ ዝናቡ ሲያካፋ፣
መስኮቱን ከፍቶ ቆመ፣ አየር ቢጠፋ።
ከመዳፉ ላይ አለች ጥቅልል ወረቀት፣
ውስጧ የሎቤሊያ ዘር፣ የደቀቀ ዱቄት፤
ሺው ባንድ ቢሰፈር ሚዛን የማይደፋ፣
እፍ ያሉት እንደሆን ብን ብሎ የሚጠፋ።

እንዲህ ነው አዘራሩ፤ አፈር አታልብሰው፤
ብርሃን ይወዳልና ከላይ ነስንሰው፤
ውሃውን ከሥር አጠጣው፣ ከላይ ካፈሰስከው
ቀብረኸው ታርፋለህ፣ ሳይነቃ ገደልከው።
ይህን ሁሉ የነገረችን ኤሊነድ ናት፣ ሚስቱ፤
ዘሩን ጠቅልላ ሄደች፣ እሱ ቀረ ከነወረቀቱ።

የዚያን ማለዳ ግን፣ በጣቱ ቆንጥሮ
ሊነሰንስ ሲል፣ ሳሉ መጣ ሠግሮ።
ያ ሁሉ ተራራ በጉሮሮው ተናደ፣
ዘሩ በመስኮቱ ብን ብሎ ነጎደ።
እኔ ልብስ ላነሳ ቆሜ ከጓሮዬ፣
ምንም አላየሁም፤ ያየችው ጆሮዬ፤
ከዚያም ጸጥ። ከዚያም ወረቀት ሲራገፍ፣
አንዴ፣ ደግሞ አንዴ… የለም አንዲት ትርፍ።

ሄጄ ልጠይቅ ነበር? እውነቱን ልናገር፤
ድስቱ አረረ ብዬ ገባሁ፤ ያ ነው ነገር።

በግንቦት አጋማሽ፣ ከደጄ ደረጃ፣
አንድ ለጋ ብቅ አለ፣ አረም ይሁን እንጃ፤
ቁመቱ የጉንዳን፣ ሁለት ቅጠል ይዞ፤
ልነቅል የዘረጋሁት እጄ ቀረ ፈዞ።
አንድ ብቻ መስሎኝ፤ ለካስ በአጥሩ ስር፣
በአሸንዳዬ አፍ ላይ፣ በከሰል ቤቴ በር፣
ሳሉ በሄደበት ሰፍሯል በየድንበር።

«ጣት ሲያክል ቀንጥሺው ጫፉን በጥፍርሽ፣
ጎኑን ያሰፋል» ያልሽኝ፣ ኤሊነድ፣ አልረሳሁሽ።

ሰኔ ላይ ፈነዳ። ቀለሙን ምን ልበለው?
ዝናብ የመታው ድንጋይ ሲመሽ የሚመስለው፤
ከመሀሉ ነጭ ነጥብ፣ ወተት ጠብ ያለበት፣
ንብ ወገቧን ይዛ ሰተት የምትልበት።

ሐምሌ ሲመጣ ግን ሰማዩ ጨከነ፤
እንኳን የድንጋይ ስንጥቅ፣ ሜዳው መነመነ።
ሎቤሊያ አኩራፊ ነው፣ እንደኛው፣ ያው ነው፤
አንዴ ከተጠማ ይቅርታ የማያውቀው።
ስለዚህ ሌሊት ሌሊት፣ መብራት ሳላበራ፣
በሻይ ማንቆርቆሪያ ሳጠጣ ተራ በተራ፣
መስኮቱ ተከፈተ።
ሳሉ ቀድሞ ወጣ፣ ድምፁ ተከተለ፤
«ያ ሰማያዊ የኔ ነው» አለ።
«ደረጃው የኔ ነው» አልኩት። ዝም ተባባልን።
ይኸው ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት የተነጋገርን።

በነሐሴ ገረጣ፣ አበባው ዘርዘር አለ፤
በማግስቱ ከአጥሩ ላይ መቀስ ተሰቀለ።
የኤሊነድ መቀስ፣ እጀታው በክር የታሰረ፤
ቃል አልነበረበትም፤ መልእክት ግን ነበረ።
ግማሹን ቆረጥኩት፣ ሳልራራ፣ ሳልሳሳ፤
እንዲህ ነው፤ ካልቆረጡት ዳግም አይነሣ።
በመስከረም ተመለሰ፣ ከፊተኛው የባሰ፣
ደረጃዬን ሸፍኖ ወደሱ ደጅ ፈሰሰ።

ዛሬ ማታ ሳሉ ዘገየ፤ ሰዓቴ ቆመብኝ፤
ጆሮዬን ከግድግዳው ለጥፌ፣ ልቤ ደበደበኝ።
«ኢድዋል!» አልኩ፣ በስሙ። ግንቡን በጡጫ መታሁ።
«አጠጣሽው ወይ፣ ኔሪስ?» አለኝ።
«አዎ» አልኩ፣ ሳላጠጣ፤
ተነሣሁ፤ ማንቆርቆሪያ ሞላሁ።