የተሰፋ ጥላ

ጥቅምት ገብቶ እንኳን ሰማዩ አልነጣም፤
ጅማ ላይ ዝናቡን ውጣ ቢሉት አይወጣም።
የማታ ተማሪ፣ አርባ ሰው ባንድ ክፍል፤
መምህር ፀዳሉ ሲያነቡ፣ ቆርቆሮው ሲያቃጭል፣
ግማሹን ሰማነው፤
ዝናብ የበላውን በግምት ሰፋነው።

አንድ አባት ነበረ፣ ለልጁ የሳሳ፤
ፀሐይ እንዳትነካት
"ጥላዬን ልስጣት" ሲል ከመኝታው ተነሣ።
ከተረከዙ ሥር በቢላ ቆረጠው፣
በልጅቱ ተረከዝ በጥቁር ክር ሰፋው።
አደገች ልጅቱ፣ ሳትጠቁር ሳትከስል፤
ግን መሬት ላይ ሲያዩት ጥላዋ አይመስል
የሴት ልጅ ቁመና፤
ባርኔጣ የደፋ፣ ትከሻው የሰፋ
ሽማግሌ ነበር ከእግሯ የማይጠፋ።
ሊያጫት የመጣ ሰው ዓይኑን ዝቅ ቢያደርግ
ጥላውን አየና፣ "ይቅር በሉኝ አባ"
ብሎ ተመለሰ፣ ግቢው እንኳ ሳይገባ።
አባቷስ? ጥላ ቢስ፤ በቀትር ሲራመድ
ውሻ አይጮህበትም፣ በሰው መሀል ሲሄድ።

መምህር መጽሐፉን አጥፈው ጠየቁ፦
"አባትየው ማነው?"
ፈቲያ፣ ሕፃኗን ለጎረቤት ትታ የምትመጣው፣
"ፍቅር ነዋ" አለች፤ "ሌላ ምን ሊሆን ነው?"
ዱባለ፣ ባጃጁን ከበር ያቆመው፣
"መንግሥት ነው!" አለና ክፍሉን አሣቀው።
እኔ ግን አልሣቅሁም።
"ሌባ ነው" አልኳቸው። "ፀሐይዋን ነጠቃት።
ቃጠሎውም ቢሆን የራሷ ነበረ።
ማን 'ስፋልኝ' አለው?"
መምህር በጠመኔ ቃሌን ጻፉት፦ ሌባ።
መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ሆዴ ባባ።

ሦስት ሰዓት ተለቀቅን። በር ላይ አባቴ፣
ጃንጥላውን ይዞ፣ እንደ ልጅነቴ።
ያኔ በሰባተኛ ከቀን ትምህርቴ
"መንገዱ ያስፈራል" ብሎ ያስቀረኝ ያው እሱ ነው፤ ደግሞ
አሁን በሃያ ስድስቴ በየማታው ቆሞ
የሚጠብቀኝም።
መልኮ ነው የሚሠራ፤ ከቡናው በላይ
ሳሳና ዋንዛ ላይ መጋዝ አንግቶ ይወጣል፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅርንጫፍ ይከረክማል።

ቁልቁል ወረድን። ጃንጥላው ወደኔ አዘንብሎ፣
ግራ ትከሻው በስብሶ፣ እጅጌው ውሃ አዝሎ።
"ዛሬስ ምን ተማራችሁ?"
ተረቱን ነገርኩት። ሌባውን ዘለልኩት።

እስከ አዌቱ ድልድይ ቃል አልተነፈሰም።
ከዚያ "ማታስ?" አለኝ። "ማታ ጥላ የለም።
ማታ ማታ ያቺ ልጅ የማን ነበረች?"
ምን ልበለው?
"እኔ እንደሆን የማውቀው ይቺን ነው፤ ቡና ያለ ጥላ
ያራል። ጥላ ሲበዛበት ደሞ ቅጠል ነው፣ ሌላ
የለውም። በየዓመቱ ዛፍ ለዛፍ የምንጠላጠለው
ለምን ይመስልሻል?
ያ ሰውዬ፣ መስፋቱስ ይሁን፤ መጋዙን ረሳው።
ጊዜው ካለፈ ግን..."
አልጨረሰውም። ጉሮሮውን ጠረገ፤
ስለ ጭቃው አንድ ነገር አጉረመረመ።

መንደራ ስንደርስ መብራት ሄደ፤ ከተማው ጭልም።
የኔም ጥላ የለ፣ የሱም የለም።
ጭቃ የሚረግጥ የሁለት ሰው ጫማ ብቻ።
"ጃንጥላውን ስጠኝ" አልኩት።
ትንሽ ቆየና
ሰጠኝ።
ቁመቱ ይበልጠኛል፤ ክንዴን ሰቅዬ ሄድኩ፤
ዛለ፤
አልመለስኩለትም።