ከወለሉ በታች

በማክሰኞ ስብሰባ፣ በአጀንዳ ሰባት፣
ከባሕር ግንቡ ጥገና ቀጥሎ፣ ከምሳ በፊት፣
ካቢኔው አጸደቀው፤ እንዲህ የሚል ጥናት፦
ማን ምን እንደሚያጨስ፣ ማን ምን እንደሚጠጣ፣
ከየቤቱ ይጠየቅ፤ ቁጥሩ ይውጣ።

ለእኔ የደረሰኝ ከዚያ ሁሉ ወግ
አንድ ታብሌት፣ ባጅና ቢጫ ጃንጥላ፣
የሦስት ቀን ሥልጠና (አበል ከሥራው በኋላ)፣
«የሚሉሽን ስትሰሚ ፊትሽ አይለወጥ» የሚል ሕግ፣
ደግሞም አንድ ትርጉም፣ በቃል ያጠናሁት፦
«ቤተሰብ ማለት
ከአንድ ድስት የሚበላ፣
በአንድ ጣራ ሥር ያደረ ነው ትናንት ሌሊት።»

ቀላል መስሎኝ ነበር።

የሸንኮራው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ
ጭሷ የጠፋባት መንደር አለች እዚህ፣
ከዴሜራራ በስተ ምሥራቅ፣ ከቦዩ ማዶ፤
ቤቱ ሁሉ በእንጨት እግር ቆሞ ያንቀላፋል፣
ውኃ ሲመጣበት በሥሩ ያሳልፋል።

ቁጥር አርባ አንድ። ወይዘሮ ሱርሳቲ በሩን ከፈቱ።
«ስንት ሰው አለ ከቤቱ?»
«ሁለት፤ እኔና ሽማግሌው።»
ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው፦ አልኮል? «የለም» አሉ ቆፍጠን ብለው፤
በእጃቸው በረዶው በሩም ውስጥ እየቀለጠ ነው።
«ይሄ? ይሄማ ለጉልበቴ ነው።»
ፊቴን አልለወጥኩም። ሕጉ ሕግ ነው።

ያኔ፣ ከእግሬ ሥር፣ በጣውላው ስንጥቅ በኩል፣ ሳል።
ደረቅ ሳል፤ ገመድም ሲጥ ሲል።
ወይዘሮ ሱርሳቲ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉ።
ስወጣ ያለፍኩት ትዝ አለኝ፦
ከደረጃው ሥር አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣
ክብሪት፣ የጠቆረ ፎይል፣
በመረብ አልጋው ውስጥም ሰው የሚያህል ጨለማ።

«ከዚሁ ድስት ሌላ የሚበላ አለ?»
አዩ፣ ወደ ወለሉ ሳይሆን ወደ መስኮት።
«ማታ ማታ ሩዙን በገመድ አወርዳለሁ፤
ጠዋት ስስበው ከቀለለኝ፣ በሕይወት አለ እላለሁ።»
«በአንድ ጣራ ሥር ያድራል?»
«የእሱ ጣራ የእኔ ወለል ነው፣ ልጄ።
ሌሊት ስነሣ ጫማ አላደርግም፣
የረገጥኩት እየመሰለኝ።»
ዝም አልን።
«ስሙን አትጠይቂኝም?»
«ስም አንመዘግብም።»
«ኬምራጅ ነው» አሉ።

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ።
«እሱን አትጻፊ። የዚህ ቤት ሰው አይደለም፤
እኔው ነኝ ያባረርኩት።»
ጥቂት ቆዩና፣
«መረቡንም ከምሰሶው ያሰርኩለት እኔ ነኝ።»

ታብሌቱ ላይ ባዶው ቤት ብልጭ ድርግም ይላል፤
ቁጥር እንጂ ታሪክ አይቀበልም።
ዘጋሁት። አመሰገንኩ። አሥራ አራቱን ደረጃ ወረድኩ።

ከመጨረሻው ደረጃ አጠገብ አንድ ቀጭን እጅ
ረስቼው የወጣሁትን ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፣
በጥንቃቄ አጣጥፎ፣ ጭቃውንም ጠርጎ።
ዓይኑን ወደ ላይ፣ ወደ ጣውላው አነሣ፤
«ስንት ነን አለችሽ?»

«ሦስት» አልኩት።
ገና አልጻፍኩም ነበር።