ቅርፊት የማትቆጥር መስኮት

ጀልባዋን ስገዛ — አራት ሜትር፣ አልሙኒየም —
ቫዲም ያለኝ ይህን ነው፦ «ውሃ አታስገባም፤
መንገድ ግን አትወድም።»
ያኔ አልገባኝም።

ለካስ ዓሣ ማጥመድ ከውሃ አይነሣም፤
የሚነሣው ከአፉላ ነው፣ ከቤታችን ጓሮ፣
ከዛገ ተጎታች፣ ከሚያቃስት ኩሽኔታ፣
ሽቦው እንደ ዘመድ ጠብ ተወሳስቦ አድሮ።

ሰባት እግር ሶኬት። ቢጫው ለግራ መታጠፊያ፣ አረንጓዴው ለቀኝ፣
ነጩ መሬት ይይዛል፣
ቀዩ ፍሬን ስረግጥ ከኋላ እንዲበራልኝ።
ቀጥዬ፣ ጠቅልዬ፣ ጨርሼ ፍሬን ብረግጥ
ግራው ዓይኑን ጠቀሰኝ።
የምርመራው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል
አንድ መስመር ጽፎ ወደመጣሁበት መለሰኝ።

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው ሣጥን፣ የዓሣ መፈለጊያዋ፤
መዳፍ የምታህል መስኮት፣ ሰማያዊ ዓይኗ።
መመሪያው በዕብራይስጥ ነው፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን።
ልጄ ሊአት ጮክ ብላ ታነብልኛለች፦
«አባ፣ ድምፅ ትልካለች፤ ወደ ታች ትጣራለች፤
ከታች የመለሰላት ካለ፣ መልሱን ትስላለች።»
ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት፣ ፊውዙ ሦስት አምፔር፤
ጆሮዋን ከኋላ፣ ከፕሮፔለሩ ራቅ አድርጌ በብሎን አሰርኩት።
አረፋ ያደነቁራታል ይላል መመሪያው።
(እኔንም ፋብሪካው እንደዚያው ነው ያደረገኝ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።)

አማቴ አያ ዋሴ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው
ቀኑን ሙሉ ሲያዩኝ ውለው፣ ሊመሽ ሲል፦
«ዓሣ ልትይዝ ነው ወይስ ሬዲዮ ጣቢያ ልትከፍት?»

አርብ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰንበት ሳይገባ ልንመለስ ምለን ወጣን፤
አንገቷን ከኳሱ ቆልፌ፣ ሰንሰለቱን አጣምሬ።
በያቭንኤል ቁልቁለት፣ «የባህር ወለል» ከሚለው ሰሌዳ በታች፣
የምጎትታት ጀልባ ትገፋኝ ጀመረች፤
መንገድ አትወድም የተባለችው
ባህሩን ስታይ ተሽቀዳደመች።

ጥብርያዶስ። የጀልባ መውረጃው ጠባብ፣ አልጌ ያበቀለ ሲሚንቶ።
ወደ ኋላ ስነዳ፣ ቀኝ ስል ግራ፣ ግራ ስል ቀኝ።
የሱፍ ፍሬ የሚፈለፍሉ ሦስት ሽማግሎች
ሦስት ዓይነት ምክር ሰጡኝ።
በአራተኛው ሙከራ ሊአት በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፦
«መሪውን ከታች በኩል ያዘው፤ እጅህ ወደሄደበት ትሄዳለች።»
ከታች ያዝኩት።
ሄደች።

ከዚያ ውሃ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ጢው! ጢው!
አሥራ አንድ ሜትር ጥልቀት፣ መስኮቷ ላይ ቅስት በቅስት፤
«ዓሣ! ዓሣ!» ትላለች እንደ ጉሊት ቸርቻሪ።
ክሩ ተወጠረ፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ አማቴ ብድግ አሉ።
ወጣ፦ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ገላው እንደ ራሰ ሳሙና፣
ክንድ የሚያህል አምባዛ።
አውራ ጣታቸውን ከራሱ እስከ ጅራቱ አሻሹበት።
«ክንፍስ አለው» አሉ። ቆዩ።
«ቅርፊቱስ?»
እኛ ዝም።
«ይኸ አምባዛ ከደምቢያ ድረስ ተከትሎኝ መጣ!»
ብለው ወደ ውሃው ለቀቁት፤ እጃቸውን ታጠቡና፦
«ማሽንህስ ጎበዝ ናት፤ ኦሪት ግን አልተማረችም።»

አራቴ ጮኸች፤ አራት አምባዛ፤ አራቱንም አሰናበትን።
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ልንወጣ ስንል፣
መስኮቷ ባዶ ሰማያዊ ሆና
ምንም የለም በምትለው ቦታ
አንዲት ቆሮሶ ተያዘች፣
ቅርፊቷ እንደ አዲስ ሳንቲም።
ለሰንበት ማዕድ፣ አንድ ዓሣ ለስድስት ሰው።
አጥንቱ ሳይቀር ተመሰገነ።

እሁድ ማታ ስልኬ ጮኸ።
አያ ዋሴ ናቸው። ሰላምታም ሳያስቀድሙ፦
«ባትሪውን ቻርጅ ላይ አድርገኸዋል?»